እናቴ የሣለችው መንገድ

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መካነ ሰላም ላይ ስለ ተራራና ሸለቆ፣ ስለ ደጋና ውርጭ ሳስተምር፣ ከከተማችን ብዙም የማይርቀውን ብሔራዊ ፓርክ አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ እርስዎ ገብተው ያውቃሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "በቅርቡ እሄዳለሁ" አልኩት። ያ ልጅ ዛሬ ተመርቆ ሥራ ይዟል። ሰበብ አጥቼ አላውቅም፤ አንዴ ክረምቱ ነው፣ አንዴ የፈተና እርማቱ፣ አንዴ ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው አይደለም የሚለው።

ነገሩ የተነሳው በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ነው። ባዮሎጂ የምታስተምር ጓደኛዬ አብራኝ ነበረች። እናቴን ከእኔ ይልቅ የምታጫውታት እሷ ናት፤ እናቴም ለጎረቤት ስታስተዋውቃት "ይቺ ክርስቲያኗ ልጄ ናት" ነው የምትለው። ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ አንድ ሰው ከፓርኩ የላከላትን ፎቶ አሳየችን። ቀይ ቀበሮ ነው። ጓሳ በሚባለው ረጅም ሣር መሀል ቆሞ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ፎቶ ወደሚያነሳው ሰው ያያል።

"ማሻአላህ፣ ሲያምር!" አልኩ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለች። ቀበሮውን ግን ከቁብም አልቆጠረችው። ከጀርባው ያለውን፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ በጣቷ ነካችና፣

"ይሄን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ሥሩ ተጠልዬበታለሁ" አለች።

"መቼ?" አለች ጓደኛዬ።

እናቴ ጤና ረዳት ነበረች። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። በልጅነቴ "እናትሽ መስክ ናት" ሲሉኝ ትዝ ይለኛል፤ መስክ የሚባለው ግን የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያን ዕለት ነገረችን። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት። ከሸንተረሩ ማዶ ባለ አንድ መንደር ኩፍኝ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም። እናቴ የክትባቱን ሳጥን በበቅሎ ጭና፣ ወሬውን ይዘው የመጡትን የመንደሩን ሽማግሌ መንገድ መሪ አድርጋ ተነሳች። ከላይ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉም ወረደባቸው።

"የገዛ እጄ አይታየኝም" አለች። "በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ። ሽማግሌው ግን 'ጉሙ ካልተነሳ ንቅንቅ የለም፣ ገደል አለ' አሉኝ። እዚህ ድንጋይ ሥር ተቀመጥን። እሳቸው የአላህን ስም እየጠሩ ዚክር ያደርጋሉ፣ እኔ ሳጥኑን በጋቢዬ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ።"

"ከዚያስ እማማ?" አለች ጓደኛዬ።

"ከዚያማ ጉሙ ተነሳ። ደረስን፣ ከተብን፣ ተመለስኩ።"

"ከዚያ ወዲህ አልሄድሽም?" አልኳት እኔ።

"በምን እግሬ?" አለችና ጉልበቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። "በመኪና እንወስድሻለን" አልኩ።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችና "ዝም ብለሽ አትቀባጥሪ" አለችኝ። ፊቷ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው። ስንወጣ ጓደኛዬ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወላሂ ከምርሽ ነው?" አለችኝ። ክርስቲያን ብትሆንም እንደ ከተማችን ሰው ሁሉ በወላሂ ትምላለች።

"ከምሬ ነው።"

"እኔም አለሁበት!" ብላ መንገዱ መሀል ዘለለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት መምህርት ናት፤ ከሱቅ ደጃፍ የቆሙ ሰዎች ዞረው አዩን። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ነገር አልታየኝም።

መጀመሪያ መኪና ያስፈልገን ነበር። በከተማችን ሚኒባስ ሞልቷል፤ ለዚያ መንገድ የሚሆን ፎር ዊል ያለው ግን ጥቂት ሰው ነው። የምናውቀው አንድ ሾፌር አለ፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው፣ ነፍሰ ጡር ከገጠር ለማምጣት ሲቸግር ሰው ሁሉ በሩን የሚያንኳኳው። ቤቱ ስሄድ መኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

"ጋሼ፣ ወደ ፓርኩ ለአንድ ቀን ሊወስዱን ይችላሉ?" አልኩ ለእግሩ።

"ስንት ሆናችሁ?" አለ ከሥር።

"ሦስት። እናቴም አለች።"

ተንፏቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትክ ብሎ አየኝ። እናቴን ያውቃታል፤ የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ ሚስቱን ያዋለደችው እሷ ናት። "ለእሳቸው ከሆነ እሺ" አለ። "ግን ልንገርሽ፣ መኪና የሚገባው እስከ መጀመሪያው ሜዳ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ አይታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ በመጣንበት እንመለሳለን። ከዚያ ወዲያ የበቅሎ መንገድ ነው።"

ለእኔ ይህም ብዙ ነበር። ቤቴ ገብቼ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መነሳት፣ ሁለት ሰዓት ላይ መግቢያው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሜዳው። የትምህርት ዕቅድ የማወጣ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ለእናቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

"ታዲያ መንደሩስ?" አለች።

"እዚያ መኪና አይደርስም አሉ።"

"ማን ነው ያለው? ጥሪልኝ።"

ሾፌሩ በማታው መጣ። ጓደኛዬም ወሬው ስለደረሳት ደብተር ማረሙን ትታ መጣች። እናቴ ያለፈውን ዓመት ካላንደር ከግድግዳ ላይ አወረደች፤ ገልብጣ ነጩን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ስክሪብቶ ያዘች። መጀመሪያ ጫካውን ሣለች። ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ አቀበቱን፣ ከዚያ ሜዳውን። የተሰነጠቀውን ድንጋይ ሁለት እንቁላል አስመስላ አስቀመጠችው። ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ረጅም መስመር ሳበች።

"ይሄ ሸንተረር ነው። ወደ ግራ ገደል፣ ወደ ቀኝም ገደል። መሀሉ ግን ደልዳላ ነው። በዚህ ወርደህ መንደሩ፤ ከመንደሩ በታች ወንዙን ተሻግረህ ዋናው መንገድ ላይ ትወጣለህ። በመጣህበት መመለስ የለም።"

"እናታችን" አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እርስዎ የሚሉት የበቅሎ መንገድ ነው።"

"በቅሎዋ በሁለት ጎኗ ጭነት ተጭና ነው ያለፈችበት። ያንተ መኪና ከእሷ ብዙ አይሰፋም።"

ጓደኛዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሾፌሩም ሳቀ፤ ቅር እንዳለው ግን ያስታውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት መሪ ይዞ፣ በጉልበቷ ሕመም የምታነክስ ሴት መንገድ ስታስተምረው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። "ላጣራ" ብሎ ብቻ ወጣ።

ሁለት ቀን ምንም አልሰማንም። ሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። ሲደጋገም ወጥቼ አነሳሁት።

"መምህርት! ከማዶ የመጡ ሰዎች መናኸሪያ ላይ አግኝቼ ነበር" ይላል ሾፌሩ፣ እየጮኸ። "የመንደሩ ሰው ሸንተረሩን በልማት ሥራ አስፍቶታል። ባለፈው በጋ ገብስ የጫነ መኪና አልፎበታል ይሉኛል። ልክ እናትሽ ባሉት መስመር ነው! ያንን ወረቀት እንዳትጥይው!"

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን "አላሁ አክበር!" ማለቴ ትዝ ይለኛል። ወደ ክፍል ስመለስ ተማሪዎቹ ምን አግኝታ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ትምህርት ፓርኩ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝግጅት የበዓል ዋዜማ ነው የሚመስለው። የመግቢያ ደብዳቤ ለመጠየቅ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ጸሐፊዋ "ለምርምር ነው?" አለችኝ። "ለእናቴ ነው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ጻፈችልኝ። ያለ ስካውት መግባት ስለማይቻል፣ መግቢያው አካባቢ የሚኖር የፓርኩ ጠባቂ አብሮን እንዲሄድ በስልክ ነገረችው። ሾፌሩ ነዳጅ በጀሪካን አጠራቀመ፤ አካፋ፣ ገመድ፣ ክሪክና ሁለት ትርፍ ጎማ ጫነ። ማዶ ላሉትም ሰዎች ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁለት ሦስቴ ጠየቀ።

ቀኑን መምረጥም ቀላል አልነበረም። እናቴ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ጓደኛዬ ደግሞ የጽጌን ጾም ይዛለች፤ ቅቤም እንቁላልም አትነካም። እኔና እሷ ከቅዳሜና እሑድ ሌላ ጊዜ የለንም፤ እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ቅዳሜ ሆነ። ስንቁ ለሁላችንም የሚሆን በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች እንዲሆን ተስማማን። ሥጋ ከተያዘ የማን እጅ ባረደው የሚለው ይመጣልና፣ ማንም ሳይናገር ሁላችንም ተውነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ የእናቴ ጉልበት። የመኪናው ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ሾፌሩ ረቡዕ ከሰዓት መኪናውን እናቴ ግቢ ድረስ አምጥቶ ከእንጨት ያሠራውን ዝቅተኛ ዱካ አወረደ። እናቴ አንድ እግሯን ዱካው ላይ፣ ሌላውን መኪናው ላይ፣ እጇን በሩ ላይ። ወጣች። ወረደች። እንደገና ወጣች። ጎረቤቶች ከአጥር በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ወዴት ነው እትዬ?" አለች አንዷ።

"ሥራ አለብኝ" አለች እናቴ፣ ከላይ ሆና። እንደዚያ ተዝናንታ ካየኋት ስንት ዘመኔ!

የዚያኑ ዕለት ሌሊት፣ ሐሙስ ሳይነጋ፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ሐሙስንም ዋለበት። አርብ ጠዋት ሾፌሩ ደወለ። "ሸንተረሩ አፈር ነው፤ ረጥቦ አልወስዳቸውም። ለሌላ ሳምንት" አለኝ። ለእናቴ ስነግራት ስንቋን ጠቅልላ፣ የመስክ ጫማዋን ጠርጋ ጨርሳ ነበር። ጫማውን አንስታ አልጋ ሥር መለሰችው። "አብሽሪ" አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና። ያ ሳምንት ከጠበቅናቸው ሳምንታት ሁሉ ረዘመ። በየቀኑ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው። ሰኞ ጠራ። ማክሰኞ ነፋስ ተነሳ። ሐሙስ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ አድሮ አገኘሁት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ግን ልዘፍን ምንም አልቀረኝ። ውርጭ ከወረደ ዝናብ የለም።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ የካላንደሩ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። እኔና ጓደኛዬ ከኋላ። ከከተማው ወጥተን የገብሱ ማሳ ሲጀምር ፀሐይ ወጣች። አዝመራው ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ጓደኛዬ መስኮቱን ከፈተች፤ በብርዱ ሁላችንም ጮህንባት፤ አልዘጋችውም።

መግቢያው ላይ ስካውቱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ጠበቀን። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከእኛ ጋር ከኋላ ገባ። መንገዱ ወደ ጫካው ሲወርድ ሾፌሩ ረዳት ማርሽ አስገባ፤ መኪናው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ፣ ግን አንዴም ሳያንሸራትት ወረደ። የኮሶና የወይራ ጥላ ዋጠን። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ብቻ ብልጭ ይላል። ጓደኛዬ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ልትጽፍ ትሞክራለች፤ መኪናው ሲነጥር ጽሑፉ ሁሉ መስመር ይለቃል።

ወንዙ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ቆመ። ውሃው ብዙ አይደለም፣ ግን ያለፈው ሳምንት ዝናብ ዳርቻውን ሸርሽሮታል። ወርዶ ሱሪውን ጠቅልሎ ሊገባ ሲል እናቴ በመስኮት፣

"እዚያ አይደለም። ከጠፍጣፋው ድንጋይ በላይ" አለችው። "በታች በኩል ደለል ነው፤ በቅሎዋ እስከ ሆዷ ገብታብኛለች።"

ስካውቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "እውነታቸውን ነው" አለ። "እኛም የምንሻገረው በዚያ ነው።"

ተሻገርን። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ መንገድ በተከፈለ ቁጥር ስካውቱን ሳይሆን እናቴን ነበር የሚያየው።

ከጫካው ስንወጣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጀመረ፣ ከዚያ ረጅሙ የጅብራ ተክል፣ ከዚያ ድንገት ሰማይ ብቻ ሆነ። ሜዳው። እኔ ስለ ውርጭ ምድር ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ሰፊ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ጓሳው በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሳል። ከሁለት መቶ የማያንሱ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን አይተው ከቁብም አልቆጠሩን። ሞተሩ ሲጠፋ የሣሩ መነጨት ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ጓደኛዬ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ስለ እነሱ በመጽሐፍ ስንት ዓመት አስተምራለች!

"ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ እዩ" አለ ስካውቱ በሹክሹክታ። "እንዳትጠቁሙ።"

ቀይ ቀበሮው ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ በቀስታ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያዞራል። ከዚያ ባለበት ዘሎ በሁለት የፊት እግሩ አረፈ፤ አፉ ውስጥ አይጥ አለ። እኔ ፎቶ ማንሳቱን ረሳሁት። ቀበሮው እየተዝናና ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አምስታችንም አልተነቃነቅንም።

የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ስንደርስ እናቴ መውረድ ፈለገች። ሾፌሩ ዱካውን አወረደላት። በትሯን ይዛ እስከ ድንጋዩ ሄደች፤ መዳፏን አሳረፈችበትና ጥቂት ቆየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ይሆናል። አልተጠጋኋትም። ስትመለስ ያለችው "ትልቅ ይመስለኝ ነበር" ብቻ ነው።

ከዚያ ሸንተረሩ መጣ። ሰው አስፍቶታል፤ ግን የሰፋው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን መሬቱ ቁልቁል ሄዶ ሄዶ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ ወርዶ ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደበት። አፈሩን በተረከዙ መታ፣ ድንጋዮቹን ነቀነቀ። ሲመለስ "ደርቋል፤ ያልፋል" አለ። "ግን ሰው ሁሉ ይውረድና በእግሩ ይሻገር።"

እኔ፣ ጓደኛዬና ስካውቱ ወረድን። እናቴ አልተነቃነቀችም።

"እማ፣ ነይ፣ ደግፌ አሻግርሻለሁ" አልኳት።

"በዚህ ጉልበት ያንን ሁሉ? እስከ መግሪብ ሶላት አልደርስም። ከእሱ ጋር እሻገራለሁ።"

"እማ!"

"አንቺ ልጅ፣ አገሩን ልታሳዪኝ አይደል ያመጣሽኝ? ልይበት።" ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ "ቢስሚላህ በል ንዳ" አለችው።

ከኋላ በእግር እየተከተልኩ ያንን መኪና ያየሁበት ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ጎማው የሚያነሳት እያንዳንዷ ድንጋይ ወደ ገደሉ ስትንከባለል እሰማታለሁ። ጓደኛዬ በአንድ እጇ እኔን ይዛ በሌላው ታማትባለች። እኔ ከቁርአን የማውቀውን ሁሉ እቀራለሁ። መሀል ላይ መኪናው ቆመ። ምን ሆነ ብዬ ልሮጥ ስል፣ የእናቴ እጅ በመስኮት ወጣ። ወደ ግራ፣ ወደ ሩቅ ሸለቆው እየጠቆመች ነው። ለካ ለሾፌሩ አገር እያሳየችው ኖሯል! ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ማዶ ሲደርስ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ድምፁ ከሸለቆው ተመልሶ መጣ። እየሮጥን ደረስን። ሾፌሩ ሸሚዙ በላብ ተነክሯል፤ እናቴ ቆሎ ትቆረጥማለች።

መንደሩ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ቤቶቹ ቆርቆሮ ሆነዋል፤ ትንሽ መስጊድና ትምህርት ቤት አለ። "አሰላሙ ዓለይኩም" እያልን ስንገባ ሰው ወጥቶ ተቀበለን። እናቴ የሽማግሌውን ስም ጠራች። ከዚያ አንድ አዛውንት "አላህ ይርሐማቸው፣ ከሞቱ ቆይተዋል" አሏት። እናቴ አንገቷን ደፋች። "ልጃቸው ግን እዚያ ቤት ናት" ብለው አሳዩን።

ልጃቸው አርባ አምስት ገደማ የሚሆናት፣ ቀጭን ረጅም ሴት ናት። እርጎ አቀረበችልን፤ ጓደኛዬ ጾመኛ መሆኗን ስትሰማ ድንች ልትቀቅልላት ተነሳች። እናቴ ማን እንደሆነች፣ ከአባቷ ጋር በዚያ ጉም እንዴት እንደመጣች ነገረቻት። ሴትዮዋ በትኩረት አዳመጠች፤ ግን የማስታወስ ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። "ልጅ ነበርኩ" አለች፣ ይቅርታ እንደ መጠየቅ ብላ። እናቴ የተከፋች መሰለኝ።

"ነጭ ጋዋን ለብሼ ነበር" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ሴትዮዋ ድንቹን አስቀመጠች። "ነጭ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ገብስ ውስጥ ተደብቄ፣ እግሬን ይዛ ጎትታ ያወጣችኝ ሴት! አንቺ ነሽ?"

እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ማስታወስ ጀመረች፤ ፊቷ ሲቀላ አየሁት። "አንቺ ነሽ ያቺ የነከሰችኝ?" አለች።

"ነክሼሻለሁ! ወላሂ ነክሼሻለሁ! አባቴ ሳምንት ሙሉ ተቆጡኝ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲስቁ፣ ሳቁ መቼ ወደ እንባ እንደተለወጠ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ደጅ የነበሩት ሁሉ ገቡ። ሴትዮዋ አንዱን እየያዘች "ይሄም ያኔ ተከትቧል፣ ይቺም" ትላለች፤ ከወንዶቹ ፂሙ የሸበተም አለ። እናቴ የእያንዳንዱን እጅ ይዛ ፊት ፊቱን አየችው። "ከዚያ ዓመት በኋላ ልጅ አልሞተብንም በኩፍኝ" አሏት አዛውንቱ። እናቴ "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔ ከኋላ ቆሜ እናቴን እንደ አዲስ ሰው ነበር የማያት። ስንት ዘመን አንድ ቤት ኖረን፣ ይህችን ሴት አላውቃትም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሾፌሩ ሰዓቱን አሳየኝ። በስንት ልመና ነው የለቀቁን። የመንደሩ ሰው የታችኛውን ወንዝ ራሱ መርቶ አሻገረን፤ ጎማችን ደለል ሲይዘው አሥር ሰው ገፍቶ አወጣው፣ አካፋውን እንኳ አላወረድንም። ስካውቱ በሌላ አቋራጭ ወደ ቤቱ ሊመለስ እዚያው ተሰናበተን። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሁላችንም በአንድነት ጮህን።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሾፌሩ ሞተሩ እንዲበርድ አንድ ጠመዝማዛ ላይ አቆመ። በቀዩ የፀሐይ ብርሃን ሸንተረሩ ከሩቅ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። "ከዚህ ሲያዩት ያለፍንበት አይመስልም" አለ ሾፌሩ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት፤ ከዚያ በሚቀጥለው በጋ ሚስቱን ስለማምጣት ያወራ ጀመር። ጓደኛዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያየነውን አውሬና ወፍ ሁሉ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ፣ ከመንደሩ የተሰጣትን አንድ ቁና ገብስ በእግሯ መሀል አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ብርዱ እየጠነከረ ነበር። ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩላትና፣ እንዳትነቃ በሩን በቀስታ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።